ከምላጭ ሥር የተሰበሰበ ፊርማ

ሰውየውን ሰፈርተኛው «አትነቃነቅ» ይለዋል። ፀጉር አስተካካይ ነው። ወንበሩ ላይ የተቀመጠ ሰው ሁሉ ደጋግሞ የሚሰማው ቃል ይኸው ስለሆነ ውሎ አድሮ መጠሪያው ሆኖ ቀረ። «አትነቃነቅ ጋ ደርሼ ልምጣ» ይባላል። እሱም አይከፋው። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ በአንዲት ጠባብ ክፍል፣ ጥጉ በተሰነጠቀ መስታወት ፊት፣ የሰው ጉሮሮ በእጁ ይዞ የኖረ ሰው በቅጽል ስም አይከፋም።

ክፍሏ ሁለት ወንበር አላት። አንደኛው ይዞራል፤ ሁለተኛው ድሮ ይዞር ነበር፣ አሁን ተራ ጠባቂ ይቀመጥበታል። ቶንዶሱ በገመዱ ግድግዳው ላይ ተንጠልጥሏል። መደርደሪያው ላይ የውኃ መርጫ፣ አልኮል፣ የአንገት ብሩሽ አለ። ከዕቃው ሁሉ የሚበልጠው ግን ነጩ የአንገት ጨርቅ ነው። ያ ጨርቅ ከታሰረ በኋላ ሰው እጅ የለውም፤ እጁ ከጨርቁ ሥር ነው። አፍም የለውም፤ ምላጭ ጉሮሮው ላይ ነው። ስለዚህ አትነቃነቅ ይናገራል፣ ደንበኛው «እምም» ይላል። በሃያ ሁለት ዓመት ውስጥ አንድም ሰው ተቃውሞት አያውቅም። እሱ ታዲያ ሰው ሁሉ በሐሳቤ ስለሚስማማ ነው ብሎ ያምን ነበር። እንዲህ ብሎ የሚያምን እሱ ብቻ አይደለም፤ ሌሎቹ ግን የተቀመጡት ከፀጉር ቤት ወንበር ከፍ ያለ ወንበር ላይ ነው።

አብራው የምትኖረው ታላቅ እኅቱ ናት። እናታቸው ስትሞት እሱ የስድስት ዓመት ልጅ ነበር፤ ያሳደገችው እሷ ናት። ሃያ ስድስት ዓመት በሆስፒታል የልብስ ማጠቢያ ክፍል የማታውቀውን ሰው ደም ከአንሶላ ስታስለቅቅ ኖራ፣ አንድ ቀን እርጥብ ሲሚንቶ ላይ ወድቃ ዳሌዋ ተሰበረ። ከዚያ ወዲህ የምትሄደው በሁለት ክራንች ነው። ግን ትሄዳለች። ጧት ጧት ብቻዋን ወጥታ ቲማቲሟን አንድ በአንድ ጨምቃ ትገዛለች፣ የድሮ የሥራ ጓደኞቿን ታያለች፣ የተጣሉትን ታስታርቃለች፣ የታረቁትን ታማለች። «ቲማቲም በሰው እጅ አይገዛም» ትላለች። ሌላውንም ነገር ሁሉ በሰው እጅ አትወድም።

ሰፈሩን ከአውራ መንገዱ የሚለየው ቦይ ነው። ስፋቱ ሁለት እርምጃ ተኩል ነው፤ ጥልቀቱ እስከ ሰው ወገብ ይደርሳል። በላዩ የእንጨት ድልድይ ነበር። ምክር ቤቱ ቦዩን በማሽን አስጠርጋለሁ ብሎ ድልድዩን አነሣው። ቦዩ ተጠረገ፣ ማሽኑ ሄደ፣ ድልድዩም በዚያው ቀረ። «በአንድ ወር ውስጥ ይተካል» የሚል ማስታወቂያ ተለጥፎ ነበር፤ ማስታወቂያው ራሱ ዝናብ ልጦት ቦዩ ውስጥ ገባ። ይኸው ስምንት ወር። ጎረምሳ ይዘላል። ጎልማሳ ወርዶ ይወጣል። ሴቶቹ ዕቃቸውን እየተቀባበሉ፣ ቀሚሳቸውን እየሰበሰቡ ይሻገራሉ። የማይችል ደግሞ መኪና በሚከንፍበት የመንገድ ጠርዝ ይዞ አርባ ደቂቃ ይዞራል። በክራንች ስንት እንደሚሆን ማንም ለክቶት አያውቅም።

አትነቃነቅ በመጀመሪያው ወር እኅቱን አንዴ አዝሎ ሊያሻግራት ሞክሮ ነበር። መሀል ላይ እግሩ ከዳውና ሁለቱም እስከ ጉልበታቸው ጭቃ ውስጥ ቆሙ። የሳቀ የለም። ሁሉም ከንፈሩን መጠጠ። እሷን ያንገበገባት ይኼ ነው፤ ቢስቁ ይሻላት ነበር። ቤት ገብታ እግሯን ታጥባ ስታበቃ እንዲህ አለችው፤

«ሰው ተሸክመው የሚያወጡት ሲሞት ነው። እኔ ገና ነኝ። ታክሲም አልለምንም፤ ድልድይ ሲኖር በእግሬ እወጣለሁ።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ከደጇ አልወጣችም። ቦዩን ቁልቁል በሚያሳየው መስኮት አጠገብ ወንበሯን አድርጋ ተቀመጠች፤ ሰባት ወር። ፊቷ እንደ ተዘጋ ቤት ግድግዳ እየገረጣ ሄደ። ወንድሟ ቲማቲም ገዝቶ ሲመጣ አንዷን አንሥታ ጨመቅ ታደርጋትና ትመልሳታለች።

ደንቡን ያገኘው በአጋጣሚ ነው። የንግድ ፈቃዱን ሊያሳድስ ሄዶ ሦስት ሰዓት ኮሪደር ላይ ሲያስቆሙት፣ ግድግዳው ላይ ያለችውን የመስታወት ሣጥን ያነብ ገባ። የሣጥኗ ቁልፍ ከጠፋ ቆይቷል። ወረቀቱን ፀሐይ አገርጥቶታል፤ አንዲት ዝንብ አንቀጽ ስድስት ላይ ሞታ ደርቃለች። ሕግን ከሕዝብ መደበቅ አያስፈልግም፤ ሕዝብ እንደማያነበው ማወቅ ይበቃል። ከዝንቧ በታች እንዲህ ይላል፦ አራት መቶ ነዋሪዎች የፈረሙበትን ማንኛውንም ሐሳብ ምክር ቤቱ በሠላሳ ቀን ውስጥ፣ በሩ ክፍት በሆነ ስብሰባ፣ ድምፅ ይሰጥበታል።

«ሊሰጥበት ይችላል» አይልም። «እንደ አስፈላጊነቱ» አይልም። ይሰጥበታል። አትነቃነቅ ሁለቴ አነበበው፣ ፈቃዱን ረስቶ ወደ ቤቱ ሄደ።

በማግስቱ ሥራ ተጀመረ።

«ሰማህ ወይ፣ ስለ ድልድዩ ነው» ይላል፣ ምላጩን ከጆሮ ሥር እያወረደ።

«እምም።»

«ነውር አይደለም እንዴ? ስምንት ወር!»

«እምም።»

«ትፈርማለህ አይደል? … ኧረ አትነቃነቅ!»

ከዚያ የሰውየውን ቀኝ እጅ ከጨርቁ ሥር ያወጣና እስክሪብቶ ያስይዘዋል፤ ወረቀቱን በማበጠሪያ ሣጥን ክዳን ላይ አድርጎ ያቀርብለታል። ሰውየው አገጩን ሽቅብ እንደ ሰጠ፣ ጣሪያ ጣሪያውን እያየ ይፈርማል። በአምስት ሳምንት ውስጥ አራት መቶ አሥራ ሁለት ፊርማ ገባ። አትነቃነቅ እንደ ሙሽራ ለብሶ፣ ቦዩን ዘሎ፣ ወረቀቱን ለምክር ቤቱ መዝጋቢ አስረከበ።

መዝጋቢው ክፉ ሰው አይደለም። ቀጭን፣ ዝግተኛ፣ ጫማው ሁልጊዜ የተወለወለ፣ ወረቀትን እንደ ሕመምተኛ የሚያገላብጥ ሰው ነው። ፊርማዎቹን አየ። ሁሉም ወደ ታች ያዘቀዝቃሉ። አንዳንዱ ላይ የሳሙና አረፋ ደርቋል።

«እነዚህ ሰዎች ሲፈርሙ ወዴት ነበር የሚያዩት?» አለ።

«ወደ ፊት ነዋ!»

«እናያለን።»

ደንቡ መዝጋቢው ሃምሳ ፈራሚ በዕጣ ጠርቶ እንዲጠይቅ ያዝዛል። ጥያቄው አንድ ነው፦ ምንድን ነው የፈረሙት? አንዱ «ለፀጉር ቤቱ መብራት መሰለኝ» አለ። ሌላው «እሱ ነው የሚያውቀው፤ ጎበዝ ልጅ ነው፣ ክፉ አያስፈርመኝም» አለ። አንድ ሽማግሌ አናጢ ደግሞ ኮፍያውን አውልቆ፣ «ጌታዬ፣ ምላጩ ጉሮሮዬ ላይ ነበር። የሞት ፍርዴንም ቢያቀርብልኝ እፈርም ነበር» አለ። ከሃምሳው በትክክል የመለሱት አሥራ ዘጠኝ ናቸው።

«ፊርማው የእነሱ ነው» አለ መዝጋቢው፣ ወረቀቱን እየመለሰ። «ሐሳቡ ግን የእርስዎ የብቻዎ ነው። ውድቅ ነው። ደንቡ አንድ ጊዜ እንደገና እንዲሞክሩ ይፈቅዳል። ሃያ አንድ ቀን አለዎት።»

አትነቃነቅ እየተንጨረጨረ ቤቱ ገባ። መዝጋቢውን ሰደበ፣ አናጢውን ሰደበ፣ ሰፈሩን በሙሉ ፈሪ ብሎ ሰደበ። እኅቱ እስኪጨርስ ጠበቀችውና ወረቀቱን ተቀብላ ገለጥ ገለጥ አደረገች። ከዚያ ሳቀች። ስምንት ወር ያልተሰማ ሳቅ ነው።

«ምን ያስቅሻል እትዬ?»

«አራት መቶ አሥራ ሁለት ጺም ሰበሰብክ! ሰው ግን አልሰበሰብክም። አንድ ሴት አለች እዚህ ውስጥ?»

አትነቃነቅ ስሞቹን ከላይ እስከ ታች ፈለገ።

«ቦዩን ባልዲ ተሸክሞ የሚሻገረው ማነው? ጺም ያለው ነው? ቆይ ደግሞ፣ ይኼን ሁሉ ያደረግኸው ለማን ብለህ ነው?»

«ላንቺ ነዋ!»

«እኔ የታለሁ ታዲያ?» ወረቀቱን ጭኑ ላይ ወረወረችለት። «ሰፈሩን ሙሉ ስታስፈርም እዚህ የተቀመጥኩትን ጠየቅኸኝ? ያለባለቤቱ አይነድም እሳቱ ሲባል አልሰማህም? እኔንም እንደ ደንበኞችህ አንገቴን አስረህ ‘አትነቃነቂ’ ነው ያልከኝ።»

 ሃያ ሁለት ዓመት መልስ የሚሰጠው ሰው ስላልነበረ መልስ መስጠትም አልተለማመደም።

አዲሱ ወረቀት በማግስቱ መስኮቱ ደፍ ላይ ተቀመጠ። ሐሳብ አቅራቢ በሚለው ቦታ የእሱ ስም ተሰረዘና የእሷ ገባ። ሕጓም ጥብቅ ነበር፦ ቆመህ ታነባለህ፤ ማንበብ የማትችል ከሆነ ይነበብልሃል፤ ከዚያ ያነበብከውን በራስህ አፍ መልሰህ ትነግረኛለህ፤ ከዚያ ትፈርማለህ ወይ ትሄዳለህ። ወደ ቦዩ የሚወርድ ሁሉ በዚያ መስኮት ሥር ማለፍ አለበት፤ ስምንት ወር ስታያቸው ስለኖረች ማን መቼ የት ላይ እንደ ወደቀ ታውቃለች።

«ነይማ አንቺ! ባለፈው እንቁላልሽን የጨረሰብሽ ቦይ አይደለም እንዴ ይኼ?»

«ኧረ እትዬ ምን ዋጋ አለው? እነሱ እንደሆኑ …»

«እነሱን ተያቸው። አንብቢና ንገሪኝ።»

ሴትዮዋ ጣቷን እያስኬደች አነበበች። «ድልድይ ስጡን ነው የሚለው።»

«አይደለም። እንደገና።»

«… ተሰብስባችሁ እጃችሁን አውጡ ነው የሚለው?»

«ተባረኪ! ልመና አይደለም። በር ክፈቱና በፊታችን እጃችሁን አውጡ ነው። የሚነፍገን ሰው ካለ ፊቱን እንየው።»

ጎረቤቷ ልብስ ሰፊዋ መጥታ እስክሪብቶውን እንደያዘች ቆመች። «ስሜን አይተው ቢጠሉኝስ?»

«ስምሽን አይተውት በማያውቁበት ጊዜ ምን ያደረጉልሽ ነገር አለ?»

ልብስ ሰፊዋ ፈረመች። ሁሉም ግን አልፈረመም። ይኼ ሰፈር ዝምታን እንደ ጨዋነት የሚቆጥር ሰፈር ነው። ዝምታ ወርቅ ነው ይላሉ፤ ወርቁን ማን እንደሚወስደው አይጠይቁም። መስኮቱን ላለማለፍ ብሎ አርባ ደቂቃውን የዞረም አለ። ባለ ክራንቿን ሴት ዓይን ከማየት የመኪና ጭስ መዋጥ የቀለለው ሰው ነው፤ እንዲህ ያለውን ሰው ምን ትለዋለህ?

አትነቃነቅም በበኩሉ ሥራውን ለወጠ። ጺሙን ከጨረሰ በኋላ ጨርቁን ይፈታል፣ ሰውየውን ያስነሣል፣ ከምላጩ ራቅ ብሎ ይቆምና ይጠይቃል። በመጀመሪያው ቀን የጠየቀው የመጀመሪያ ሰው የታክሲ ሹፌሩ ነበር፤ የአሥራ አምስት ዓመት ደንበኛው፣ በአሮጌው ወረቀት ላይ ሰባተኛው ፈራሚ።

«አልፈርምም» አለ ሹፌሩ፣ አገጩን በመስታወት እያየ።

«ምን አልክ?»

«አልፈርምም አልኩህ። መዝለል የማይችለውን ሁሉ አዙሬ የማደርሰው እኔ ነኝ። ድልድዩ ከተሠራ እኔን ማን ይጠራኛል?»

«ባለፈው ፈርመህ አልነበረም እንዴ?»

«ባለፈውማ ምላጭ ይዘህ ነበር፣ ወንድሜ!»

 ሰውየው ተቃወመው፤ ጣሪያው ግን አልወደቀም። አትነቃነቅ የአንገት ብሩሹን አንሥቶ የቀረችውን ፀጉር ከሹፌሩ ኮሌታ ላይ ጠረገለት።

«ስብሰባው ሲጠራ መጥተህ ይህንኑ ተናገር እንግዲህ።»

«እናገራለሁ። ምን አስፈራኝ?»

በአሥራ ስምንተኛው ቀን አራት መቶ ሰባት ፊርማ ሞላ። ግማሽ የሚሆነው የሴት ነው። አንዱም አያዘቀዝቅም። አትነቃነቅ ይዞ ሄደ። መዝጋቢው በሁለት ቀን ውስጥ ሃምሳ ሰው በዕጣ ጠራ፤ አርባ ስምንቱ መጥተው ጥያቄውን ሳይጨርስ መለሱለት። ከዚያ ወረቀቱን ወደ መጀመሪያው ገጽ መለሰ።

«አቅራቢዋ በአካል ቀርባ ማረጋገጥ አለባት። እስከ ነገ።»

የዚያን ዕለት ቤት ውስጥ የነበረው ጭቅጭቅ ሦስት ቤት አልፎ ይሰማ ነበር።

«አንዴ ብቻ እትዬ! አንዴ ላዝልሽ፣ ፈርመሽ ትመለሻለሽ። ያ ሁሉ ልፋት ገደል ይግባ?»

«አይሆንም።»

«በኩራትሽ ምክንያት …»

«ኩራት አይደለም!» ክራንቿን ወለሉ ላይ ደለቀችው። «ወረቀቱ ላይ ምን ብዬ ነው የፈረምኩት? በዚህ ቦይ መሻገር አልችልም ብዬ ነው። ነገ ታዝዬ ተሻግሬ ‘አልችልም’ ልበላቸው? ወረቀቱን በገዛ እግሬ ውሸት ላድርገው? ባንተ እግር፣ ይቅርታ። ዘጠነኛውን አንብብ።»

አንቀጽ ዘጠኝን እሱ አንብቦት አያውቅም፤ አሮጌው ወረቀት ላይ ደንቡን ሲገለብጥ እስከ ስምንት ደርሶ ነው ያቆመው። እኅቱ ግን ሙሉውን በልብስ ሰፊዋ አስገልብጣዋለች። አቅራቢው መምጣት ካልቻለ መዝጋቢው ይሄዳል ይላል።

መዝጋቢው በማግስቱ ከሰዓት በፊት ማኅደሩን ብብቱ ሥር አድርጎ ቦዩ አፋፍ ላይ ቆመ። ወደ ታች አየ። ወደ ግራ አየ፤ ወደ ቀኝ አየ። የተወለወለ ጫማውንም አየ። ወዲያ ማዶ መስኮቱ ክፍት ነው።

«በዙሪያው ስንት ደቂቃ ነው?»

«አርባ» አለ አትነቃነቅ።

«በአምስት ሰዓት ስብሰባ አለኝ።»

«እንግዲያው ይዝለሉ።»

«ዕድሜዬን አያዩም?»

 ፀጉር አስተካካዩ ዞረና ጎንበስ አለ። መዝጋቢው ጀርባውን አየና ማኅደሩን በጥርሱ ነክሶ ተንጠላጠለ። በዚህ ጊዜ የአትነቃነቅ እግር አልከዳውም።

እኅቱ ከመስኮቱ ሁሉንም አይታለች። ሲገቡ አልተነሣችም፤ ወንበር ግን አሳየች።

«እሳቸውንም አዘልካቸው?» አለች ወንድሟን። ከዚያ ወደ እንግዳው ዞረች። «ይቀመጡ ጌታዬ። ይጠይቁኝ።»

«ምንድን ነው የፈረሙት፣ እናቴ?»

ነገረችው። ድልድዩ የተነሣበትን ቀን ነገረችው። ነፍሰ ጡሯ የወደቀችበትን ቦታ በጣቷ አሳየችው። ከትምህርት ቤት የቀሩትን ልጆች፣ እግሩ የተሰበረውን ዘበኛ፣ ራሷንም እንደ ሌላ ሰው ቆጥራ ከመሀል አስገብታ ነገረችው። ድምፅዋን አንዴም ከፍ አላደረገችም። መዝጋቢው ጻፈ፣ ጻፈ፣ ገጹን ገልብጦ ጻፈ። ሊነሣ ሲል እሷ ጠየቀችው፤

«እኔም አንድ ነገር ልጠይቅዎት። ጀርባው ላይ ሆነው ምን ተሰማዎት?»

ጫማው ላይ አፈጠጠ። ጠብታ ጭቃ የለበትም።

«ሰው እንዳያየኝ … ዙሪያዬን ነበር የማየው» አለ።

«በቃ። እሱን ይጻፉልኝ።»

ይጻፈው አይጻፈው አላወቁም። አትነቃነቅ መዝጋቢውን መልሶ አዝሎ አሻገረው።

ስብሰባው የተደረገው ከዚያ በአሥራ ስድስተኛው ቀን ነው። በሩ ክፍት ነበር፤ ለዚያ አዳራሽ እንግዳ ነገር ስለሆነ ሁለት የምክር ቤት አባላት በየተራ ሊዘጉት ተነሥተው ነበር። እኅቱ የለችም፤ ድልድይ የለማ። ሴቶቹ ቀሚሳቸው ጫፍ ላይ የቦዩን ጭቃ እንደያዙ ገብተው ከኋላ ቆሙ። ሹፌሩ ቃሉን ጠብቆ ተነሣና ተቃወመ፤ ጥቂት ሰዎች አጉረመረሙበት፣ አትነቃነቅ ግን «ይናገር!» አለ። ሊቀመንበሩ ጉዳዩ በጥናት ላይ ነው አለ። በጥናት ላይ ያልሆነ ነገር ያለበት ምክር ቤት ካለ ይጥሩኝ። ከዚያ መዝጋቢው ማረጋገጫውን ባልተለወጠ ድምፅ ማንበብ ጀመረ፤ የፈራሚዎቹን ቁጥር፣ የተጠየቁትን፣ የአቅራቢዋን ቃል። በመጨረሻ አንዲት ዐረፍተ ነገር ቀረችው።

«መዝጋቢው ወደ አቅራቢዋ ቤት ሲሄድ ቦዩን በራሱ እግር መሻገር ስላልቻለ በሰው ጀርባ ታዝሎ ተሻግሯል።»

ወረቀቱን አጥፎ ተቀመጠ።  ሊቀመንበሩ እጅ እንዲወጣ አዘዘ። ሴቶቹ ከኋላ ሆነው የእያንዳንዱን ፊት አንድ በአንድ ያዩ ነበር። ስምንት ለአምስት።

አትነቃነቅ ሮጦ መጥቶ ነገራት። ደስ ይላታል ብሎ ነበር።

«መቼ ነው?» አለች።

«በስድሳ ቀን ውስጥ።»

«ፊት አንድ ወር ብለው ነበር» አለችና ወደ መስኮቷ ተመለሰች።

በስድሳ ሦስተኛው ቀን ድልድዩ አለቀ። ሲሚንቶ ነው፤ በሁለቱም በኩል የብረት መደገፊያ አለው፤ ቀለሙ ገና ይጣበቃል። ሪባን የሚቆርጥ ባለሥልጣን ከመምጣቱ በፊት፣ ጧት፣ እኅትየው ክራንቾቿን ይዛ ከደጇ ወጣች። ፀጉር አስተካካዩ ጺም እየላጨ ነበር፤ ወንበሩ ላይ ያለው ሹፌሩ ነው። ምላጩን አስቀምጦ ሮጠ። ከኋላዋ ሁለት እጁን ዘርግቶ፣ ሳይነካት፣ የብርጭቆ ዕቃ እንደሚከተል ሰው ተከተላት።

ድልድዩ አፍ ላይ ስትደርስ ቆመች። አልዞረችም።

«እዚያው ቁም» አለች። «አትነቃነቅ።»

ቆመ። እሷ አንዱን ክራንች አስቀደመች፣ ቀጥላ ሌላውን። መሀል ላይ አንዴ አረፍ ብላ ወደ ቦዩ ተመለከተች። ከዚያ ተሻገረች፤ ወደ ገበያው የሚወስደውን መታጠፊያ ይዛ ከዓይን ተሰወረች።

ሹፌሩ አንድ ጉንጩ የተላጨ፣ አንድ ጉንጩ አረፋ እንደሆነ፣ ነጩን ጨርቅ ከአንገቱ ሳይፈታ በሩ ላይ ቆሞ ያይ ነበር።

«ሄደች?» አለ።

«ሄደች።»

«እኔንስ እንዲህ ትተኸኝ ልትቀር ነው?»

ፀጉር አስተካካዩ መታጠፊያውን ትንሽ ጊዜ አየና ወደ ምላጩ ተመለሰ።